በቀዩ በር ላይ የጻፍኩት ሰዓት

ከኦቦ ተሊላ ቀብር ስመለስ ነው ያ ሽታ የመጣብኝ። ከኡኬ ወደ ነቀምቴ በሚሄድ ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጬ ነበር። ትንሽ እንደተጓዝን የተቀመጥኩበት ወንበር ከሥሩ ይሞቀኝ ጀመር፤ ወዲያው ደግሞ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠው። ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች "ማነው እሱ?" እየተባባሉ ይሳሳቃሉ። እኔ ግን ክው አልኩ።

"አቁም! ሞተሩን አጥፋ!" ብዬ ጮህኩ። ሹፌሩ ፂሙን በቅጡ ያላበቀለ ልጅ ነው፤ "ምን ሆነሽ ነው፣ እናቴ?" እያለ ዳር ያዘ። ባትሪህ ፈልቷል፣ ሰዉን አውርድ አልኩት። ሰው ሁሉ እያጉረመረመ ወረደ። ልጁ ወንበሩን ገልብጦ፣ ቁልፍ ይዞ የባትሪውን ገመድ ሊፈታ ሲያጎነብስ እጁን ለቀም አድርጌ ያዝኩት። "አትንካው ብዬሃለሁ! በሮቹን ክፈትና ዞር በል፣ ይብረድ። ሲጋራ የያዘ ሰው ካለ ወዲያ ይሂድ።" ባትሪው ጎንና ጎኑ አብጦ፣ በክዳኖቹ ዙሪያ አሲድ እያላበው ነበር። ረዳቱ "መምህርት ናት ያላችሁኝ ሴትዮ መካኒክ ሆና አረፈችው እኮ!" ብሎ ሰዉን አሳቀብኝ። አልተቀየምኩትም። ከሰዉ ሁሉ ርቄ መንገድ ዳር ሣር ላይ ተቀምጬ፣ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ሲያየኝ ራሱ ሳቁን አቆመ።

ለምን ያን ያህል እንደምፈራ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የአባቴን የግራ ዓይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በዚያ ጥፋት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስማቸው ሲነሳ የኖረው ግን ያን ዕለት አፈር አልብሰናቸው የተመለስነው ኦቦ ተሊላ ናቸው። ከቀብሩ በኋላ የበኩር ልጃቸው እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ "አባታችን ዓይኑን ስላስጠፋበት አባትሽን ኦቦ ደበላን ስለ እኛ ይቅርታ ጠይቂልን" ብሎ ለመነኝ። እኔም የምድር ጉድ፣ "እሺ" ብዬ መጣሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ኦቦ ደበላ አባቴ ነው። ከጉቶ ጊዳ ገጠር ነቀምቴ ገብቶ የመኪና ባትሪ ቻርጅ እያደረገ ያሳደገን ሰው ነው። እናቴ ደግሞ ከሸዋ ተመድባ የመጣች አስተማሪ ነበረች። አባቴ ወሬውን በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሳል፤ እናቴ ትስቅበታለች፤ እኛ ልጆቹ በሁለቱም እንንጫጫለን። ከቤታችን ጎን ቀይ የቆርቆሮ በር ያላት አንዲት ክፍል ነበረች። ከአርጆ፣ ከኡኬና ከየገጠሩ የመጡ ባትሪዎች እዚያ ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። የመኪና አለ፣ መብራት ያልገባበት መንደር ቴሌቪዥን የሚያዩበት አለ፣ የጸሎት ቤት ድምፅ ማጉያም አለ።

የክፍሏ ሽታ ዛሬም አይለቀኝም፤ ጉሮሮን የሚከረክር፣ ምላስ ላይ ኮምጠጥ የሚል ነገር ነው። የአባቴ ሱሪዎች ሁሉ በአሲድ ተበሳስተው ወንፊት ሆነው ነበር። የእኔም የትምህርት ቤት ሹራብ እጅጌው ላይ ተበሳስቶ፣ የክፍሌ ልጆች "አይጥ ናት የበላችሽ?" እያሉ ያበሽቁኛል። እኔ እቴ! እኮራበት ነበር። የአባቴ የሥራ ባልደረባ መሆኔን የሚመሰክርልኝ እሱ ሹራብ ነዋ።

አባቴ ወረቀት አያምንም፤ አሲድ ይበላዋል ይላል። እያንዳንዱ ባትሪ ስንት ሰዓት እንደገባና ስንት ሰዓት እንደሚወጣ በቀዩ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በጠመኔ ይጽፋል። መብራት ከጠፋ የድሮው ሰዓት ይደመሰሳል፤ ሲመለስ የቀረው ተሰልቶ አዲስ ይጻፋል። ነቀምቴ መብራት በቀን ስንቴ ይሄድ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ በሩ ከመደምሰስ ብዛት ነጥቶ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ አባቴ ጠመኔውን ለእኔ ሰጠኝ። "ባትሪ ጠገብኩ አይልም፣ ኢንተላ ኮ" አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። "እንደኛ አገር እንግዳ ነው፤ ካልተዉት ሲጎርስ ይውላል። ጠገብክ የምትዪው አንቺ ነሽ።" ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈሩ ውስጥ ከእኔ በላይ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ያ ቀን ቅዳሜ ነው፤ ክረምቱ ሊወጣ ትንሽ ቀርቶታል። ኦቦ ተሊላ የአሮጌ ላንድሮቨር ሹፌር ነበሩ። በጠዋት ከኡኬ መጥተው መኪናቸውን ደጃችን አቁመው፣ ባትሪያቸውን አስገብተው ወደ ጉዳያቸው ሄዱ። አባቴ በሁለት ሰዓት ቻርጀሩ ላይ ጫነው፤ በስምንት ሰዓት መውጣት አለበት። እሱ ራሱ ለቅሶ ሊደርስ ወደ ጉቶ ጊዳ መሄዱ ስለነበር ሥራውን ለእኔ ተወልኝ። ሲወጣ ቆም ብሎ አንድ ነገር ነገረኝ። የቤታችን መስመር ኃይሉ ስለሚደክም፣ የቻርጀሩን መስመር ሰሞኑን ሌላ መስመር ካለው ከጎረቤት ብየዳ ቤት ስቦታል። ስለዚህ መብራት መኖር አለመኖሩን ለማወቅ የቤታችንን አምፖል እንዳላይ፣ ኃይል ሲኖር የሚነሳውን የቻርጀሩን ቀስት እንዳይ። "እሺ፣ አባዬ" አልኩ። ነገር ግን ጓደኛዬ ጫልቱ የቅልልቦሽ ጠጠሮቿን እያንኳኳች ከደጅ እየጠራችኝ ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ነው እሺ ያልኩት።

በአራት ሰዓት ዝናቡ ወረደ። የወለጋ ክረምት እንደምታውቁት ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ሰው ከሰው አይደማመጥም። የቤታችን አምፖል ብልጭ ብሎ ጠፋ። መብራት ከሄደ ባትሪው ተኝቷል ብዬ ጫልቱ ቤት ሄድኩ። ስምንት ሰዓት አለፈ፣ ዘጠኝ አለፈ፤ እኛ ቅልልቦሻችንን እንጫወታለን። አሥር ሰዓት ሲሆን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በአንድ ድምፅ "መጣ!" ብሎ ጮኸ። ያቺ ጩኸት ዛሬ የለችም መሰለኝ፤ ያኔ ግን መብራት ሲመጣ መጮህ የልጅ ሁሉ ሥራ ነበር። እየሮጥኩ ወደ ቤት ገባሁ። ቀስቱን አላየሁም። ሁለት ሰዓት ተሞልቷል፣ አራት ይቀረዋል ብዬ አሰላሁና የድሮውን ደምስሼ በቆንጆ ጽሕፈት ጻፍኩ፦ "መብራት ጠፍቶ ነበር። ቻርጅ ከ10 እስከ 2።" ሒሳቡ ልክ ነበር። ለካስ የብየዳ ቤቱ መብራት ለአንድ ደቂቃ እንኳ አልጠፋም።

ሊመሻሽ ሲል አባቴና ኦቦ ተሊላ ተያይዘው መጡ። ዝናቡ እንደገና ጀምሯል፤ ኦቦ ተሊላ መንገዱ ሳይበላሽ ኡኬ መድረስ ፈልገው፣ "ፈጠን በል፣ ደበላ" ይላሉ። እኔ ከቤታችን ደጃፍ ላይ ሆኜ አያቸዋለሁ። ቀዩን በር ከፍተው ቆም አሉ፤ አባቴ ብቻውን ገባ። የሰማሁት ድምፅ ግድግዳው የተናደ ያህል ነበር። ከዚያ የአባቴ ድምፅ፣ "ዋቃዮ!" ብሎ ፈጣሪውን ሲጣራ። ቻርጀሩ ገና እየሠራ መቆንጠጫውን ሲያነሳው እሳት ብልጭ ብሎ፣ በክፍሏ የታመቀው ጋዝ ባትሪውን አፈንድቶት ነው። አሲዱ ፊቱ ላይ ነበር።

ከበሩ አጠገብ ሁልጊዜ አንድ ጀሪካን ውሃ ይቀመጥ ነበር። አባቴ ያስቀመጠው ለባትሪ ሳይሆን ለሰው ነው። እናቴ እሱን አንስታ ፊቱ ላይ ማፍሰስ ጀመረች፤ አለቀ፣ ሌላ፣ አለቀ፣ ሌላ። "ዓይንህን ግለጥ! ግለጥ በሞቴ!" እያለች ታለቅሳለች። ኦቦ ተሊላ ባትሪ የሌላትን ላንድሮቨር ቁልቁለቱ ላይ አስገፍተው አስነሡ፤ ጎረቤት ሁሉ በጭቃ ተነክሮ ገፋ። አባቴን ይዘው ሐኪም ቤት በረሩ።

እኔ ደግሞ ያን ጊዜ የሠራሁትን ልንገራችሁ። ሁሉም መኪናውን ሲገፋ እኔ ወደ ክፍሏ ተመለስኩ። ወለሉ ላይ አሲዱ ይጨሳል። በሩን ወደ እኔ ሳብኩና የጻፍኩትን በሹራቤ እጅጌ ጠረግኩት። አንድም ፊደል እንዳይቀር ደጋግሜ ጠረግኩት።

የቀኝ ዓይኑ ዳነ፤ የግራው አልተመለሰም። ጠያቂ ቤቱን ሞላው። አባቴ ለሁሉም "ሰዓቱን ዘንግቼ ነው" ይላል። ኦቦ ተሊላ ግን በሰው ሁሉ ፊት ቆመው፣ "ያጣደፍኩት እኔ ነኝ፤ የቻርጀሩን ስፒና ከግድግዳው እስኪነቅል እንኳ ጊዜ አልሰጠሁትም" አሉ። ሰውም ይህችን ይዞ ቀረ። በየገበያው "ተሊላ አጣድፎ የሰው ዓይን አስጠፋ" ተባለ። ሲያልፉ ፊቱን የሚያዞርባቸው ነበር። እኔ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ቆሜ ሁሉንም እሰማለሁ። ኦቦ ተሊላ በየመስከረሙ እሸት በቆሎ ተሸክመው ይመጣሉ። መጀመሪያ የሚሰጡት ለእናቴ አይደለም፣ ለእኔ ነው፤ "እንቺ፣ ኢንተላ ኮ" እያሉ በእጄ ያስይዙኛል። ያን በቆሎ ሳልቀምስ ለእናቴ አቀብላት ነበር። ወደ ቀይዋ ክፍል ግን ሁለተኛ አልገባሁም። አባቴም ጠመኔውን ያዢልኝ ብሎኝ አያውቅም።

እነሆ ጎልማሳ ሆኜ፣ አስተማሪ ሆኜ፣ ቀኑን ሙሉ ጠመኔ ይዤ እውላለሁ። ያን ዕለት ሚኒባሱን እዚያው ትተን፣ ሌላ መኪና ለምነን ነቀምቴ ስንገባ ቤቴ አልሄድኩም፤ በቀጥታ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አርጅቷል። ቀይዋን ክፍል ሞባይል ለሚጠግን ልጅ አከራይቷታል። ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ጫልቱን፣ አምፖሉን፣ ጠመኔውን፣ ሹራቡን። እንደ ልጅ ነው ያለቀስኩት። እሱ ዱላውን በሁለት እጁ ይዞ እስክጨርስ አዳመጠኝ።

"ተሊላ አብሮኝ አንብቦታል" አለ በመጨረሻ።

"ምኑን?"

"ጽሑፍሽን ነዋ። በሩ ላይ ቆመን፣ 'ሁለት ሰዓት ይቀረዋል፣ እንዲህ ከሆነ አይፈላም' አልኩት። ለዚያ ነው ስፒናውን ሳልነቅል እጄን የሰደድኩት። በማግስቱ ሐኪም ቤት መጥቶ ጆሮዬ ሥር 'በሩ ተጠርጓል' አለኝ። ልጅቷ ናት አልኩት። 'እንግዲያው እኔ አጣደፍኩህ። እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ እችለዋለሁ፤ እሷ ይህን ይዛ አታድግም' አለ።"

"ይዤው ነው ያደግኩት፣ አባዬ" አልኩት።

"አውቃለሁ። ወደ ክፍሉ መግባት ስትተዪ አወቅን። ራስሽ ብትነግሪን ይሻላል ብለን ጠበቅን፤ ተሳስተን ይሆናል። በየመስከረሙ እሸቱን ሰጥቶሽ ሲወጣ በር ላይ 'ነገረችህ?' ይለኛል። ገና ነው እለዋለሁ።"

ዛሬ ከተማችን ብዙ ነገር አላት። ባትሪውም ውሃ የማይጠይቅ፣ ቻርጀሩም ሲሞላ ራሱን የሚያጠፋ መጥቷል፤ ተማሪዎቼ ባትሪ ይፈላል ብላቸው ያሾፉብኛል። ደስ ይለኛል፣ የማንም ልጅ የእኔን ዓይነት ጠመኔ አይያዝ። ነገር ግን አንድ ጥፋት ሲደርስ የዛሬ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ጣቱን የሚቀስርበትን ነው፤ እኔም ብሆን ከክፍሌ መስኮት ሲሰበር "ማነው?" ብዬ ነው የምጀምረው። ያኔ ሁለት አባቶች የአንዲት ልጅ ስም እንዳይነሳ ብለው የራሳቸውን ስም አስነሱ፤ አንዱ ለገዛ ልጆቹ እንኳ ሳይነግር ይዞት ተቀበረ። አንድ ሳምንት ብቀድም እኮ በሕይወት እደርስባቸው ነበር።

ቅዳሜ ኡኬ እመለሳለሁ። ልጆቻቸውን ሰብስቤ፣ አባታችሁ ምንም አላጠፋም፣ ይቅርታ ጠያቂዋ እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። አባቴ እኔም እመጣለሁ ብሏል። ለልጆቹ መናገሩ የአንቺ ነው፤ እኔ ግን መቃብሩ ዘንድ ቆሜ ለተሊላ የምነግረው አንድ ቃል አለኝ አለ። ምን ብለህ ነው ስለው፣ በደህናው ዓይኑ ትክ ብሎ አየኝና፣ "ነገረችኝ እለዋለሁ" አለኝ።