ሽኝት በባዕብዳ ዳገት

እዚህ ዐረብ አገር፣ ዳሒዬ በሚባለው ሰፈር ሰው መሸኘት ቀላል ነው። ጓደኛዬ ከተከራየቻት ክፍል ወጥተን፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘን፣ ከሞተር ሳይክል እየሸሸን፣ ዳቦ ቤቱን፣ ስልክ ጠጋኙን፣ የአትክልት ጋሪውን እያለፍን እናወራለን። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ሁሉ ነገር ቅርብ ነው፣ ሰው ሁሉ በእግሩ ይሄዳል፤ በዚያ መሃል ሁለት ሐበሾችን ማንም ልብ ብሎ አያይም። ሰርቪስ የምንለው የጋራ ታክሲ ጋ ስንደርስ ወሬው ስለማያልቅ እኔ እመልሳታለሁ፣ እሷ ደግሞ መልሳ ትሸኘኛለች።

በቤት ሠራተኝነት የምኖርበት የማዳሜ ቤት ግን ባዕብዳ ነው። ያንን ሰፈር የሠራው ሰው እግር ያለው ፍጡር መኖሩን ረስቷል። ከዋናው መንገድ እስከ ቪላው አንድ ኩርባ ያለው ዳገት ነው፤ በአንድ ወገን የግቢ አጥር፣ በሌላው ገደል፣ መሃሉን መኪና ይዞታል። የእግረኛ መንገድ የሚባል ነገር የለም። ሱቅ የለም፣ ዳቦ ቤት የለም፣ ታዲያ ማን ምን ሊያደርግ ይራመዳል? እኛ ሠራተኞቹና የምናንሸራሽራቸው ውሾች ብቻ ነን። ስለዚህ የሚራመድ ሰው ከየበረንዳው ይታያል።

እሁድ እንድወጣ ስትፈቅድልኝ ማዳሜ ሁለት ነገር ተናግራለች። ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤት መገኘት፤ የሐበሻ ጓደኛ ወደዚህ ቤት ዝር እንዳትል። አንዱን ካፈረስኩ እሁድ ኸላስ፣ አበቃ። ያቺን ቀን ለማግኘት ሁለት ዓመት ለምኛለሁ፤ ከእሷ ሌላ የራሴ የምለው ነገር አልነበረኝም።

አንድ እሁድ ዳገቱ ላይ መኪና ቀስ እያለ ተከተለኝ። በሳምንቱ ይህን ለጓደኛዬ መንገሬ ነው ጥፋቴ። ወሎዬ ናት፣ ነገር ከያዘች አትለቅም።

«ዛሬስ ወላሂ ዳገቱን ብቻሽን አትወጪም» አለች።

«ማዳሜ ካየችሽ አለቀልኝ።»

«አብሽሪ፣ ከኩርባው አላልፍም። ያላ፣ ሰርቪሱ ሊሄድ ነው።»

ሰርቪሱ ከዳገቱ ሥር አውርዶን ሄደ። ለአስራ ሁለት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ይቀር ነበር። ጎን ለጎን መሄድ ስለማይቻል እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ አጥሩን ተጠግተን ወጣን። መኪና በመጣ ቁጥር አጥሩ ላይ እንለጠፋለን። ወሬ የለም፤ ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል። ኩርባው ጋ ስንደርስ አንዱ መኪና ጥሩንባውን እያንባረቀ ልብሴን ታክኮ አለፈ። ጮህኩ። ከዚያ በኋላ ተመለሺ ብላት አልሰማ አለችኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም አጥብቄ አላልኩም፤ ፈርቼ ነበር።

ማዳሜ በረንዳው ላይ ቆማለች። ጓደኛዬ ከበሩ ጥቂት እርምጃ ዝቅ ብላ፣ እስክገባ ታየኛለች። የሸኙት ሰው ሳይገባ ጀርባ አይሰጥም፤ የኛ ደንብ ነው።

«ሚን ሃይዴ?» አለችኝ ማዳሜ ከላይ፣ ማን ናት ማለቷ ነው።

«ማ ባዐርፋ፣ ማዳም» አልኩ። አላውቃትም። «መንገድ ጠፍቷት ነው።»

ዐረብኛ ያስተማረችኝ ራሷ ጓደኛዬ ናት፤ ሁሉንም ሰምታለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ዞር ብዬ ሳላያት ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ማዳሜ ሰዓቷን አይታ፣ «ሜርሲ፣ በሰዓትሽ መጣሽ» ብላ አመሰገነችኝ። ከወጥ ቤቱ መስኮት ሳይ ጓደኛዬ አጥሩን ይዛ ብቻዋን ትወርዳለች። መኪና ሲመጣ ትለጠፋለች፣ ሲያልፍ ትቀጥላለች። ኩርባው ላይ እስክትሰወር ከመስኮቱ አልተነሳሁም። በራሴ አፈርኩ።

እሁዴ ተረፈች። በሳምንቱ ዳሒዬ ሄድኩ። ጓደኛዬ ሩዝ አቀረበችልኝ፣ እንደ ወትሮው አሾፈችብኝ። ሰዓቴ ደርሶ ስነሳ ነጠላ ጫማዋን ማጥለቅ ጀመረች፤ ከዚያ መልሳ አወለቀችው።

«መንገዱን እንደሆነ ታውቂዋለሽ» አለችኝ፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ።