ባሩድ ምርቃት አይችልም

እኔ ፈሪ ነኝ። ሳልጠየቅ ነው የምናገረው፤ ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ? ጆሃንስበርግ ከገባሁ ወዲህ የምፈራው ነገር እየበዛ እንጂ እየቀነሰ አልሄደም። ቤሪያ የሚባለው ሰፈር ፎቅ ላይ ተከራይተን ስንኖር የሊፍቱን በር እፈራ ነበር። ትሮይቪል ሰፈር ቤት ገዝተን ከገባን በኋላ ደግሞ የግቢው በር እስኪከፈት መኪና ውስጥ ተቀምጬ የምጠብቃትን ደቂቃ መፍራት ጀመርኩ። ከሁሉም በላይ ግን የምፈራው ውጭ ያለውን ሳይሆን ጋራዣችን ውስጥ፣ ብረት ካዝና ውስጥ የተቆለፈውን የባሌን ባሩድ ነበር።

ባሌ የሂሳብ ባለሙያ ነው፤ ዝንብ እንኳ እሽ ብሎ የሚያባርር እንጂ የሚገድል ሰው አይደለም። አንድ ነጭ ሽማግሌ የሥራ ባልደረባው አደን ይዞት ሄደና ልክፍቱን አጋባበት። ፈቃዱን አወጣ፣ ትንሿን ጣቴን የሚውጥ አፈሙዝ ያለው ትልቅ ጠመንጃ ገዛ። ይሄ አልበቃ ብሎት ጥይቱንም ራሴ እሠራለሁ አለ። እርሳስ አቅልጦ በቅርጽ እያፈሰሰ አረር ያወጣል፤ ተተኩሶ የወደቀውን የነሐስ ቀለህ አጥቦ ባሩድ ይሞላበትና አረሩን ከላይ ይገጥምበታል። የሰው ባል ኳስ ያያል፣ የኔው ጉድ ጥይት ያመርታል።

የዓይን ሐኪም ነኝ። የብረት ፍንጣሪ ዓይን ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ በእጄ ነክቼ አውቀዋለሁ። ባሌ ጠመንጃውን ጉንጩ ላይ ለጥፎ ሲያነጣጥር ሌላው ሰው ዒላማውን ያያል፣ እኔ የማየው የሱን ዓይን ነው።

ያጣላን የባሩዱ ምርጫ ነው። አንድ ቀን ጋራዥ ጠርቶኝ ሁለት ቆርቆሮ ባሩድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ይሄኛው ቶሎ የሚነድ ነው» አለኝ። «ትንሽ ይበቃዋል፤ የቀለሁን ታች ብቻ ነው የሚይዘው። ያኛው ደግሞ ዝግ ብሎ የሚነድ ነው፤ ብዙ ስለሚፈልግ ቀለሁን እስከ አፉ ይሞላዋል።»

«ተሳስተህ ሁለቴ ብትጨምርስ?»

ውሸት አይሆንለትም፤ ሊዋሽ ሲያስብ ጆሮው ይቀላል። «ያኛው ሞልቶ ይፈስሳል፣ ጠረጴዛው ላይ ታይዋለሽ። ይሄኛው ግን ቦታ ስላለው ዝም ብሎ ይገባል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጠመንጃው እጅ ላይ ይፈነዳል።»

«በስመ አብ! ታዲያ ይሄ ምርጫ ነው?»

ምርጫ ነው አለኝ። ያ ብዙ የሚፈልገው ከሱ አረር ጋር አልስማማ ብሎ፣ ግማሹ ሳይነድ ፍርፋሪው አፈሙዙ ውስጥ እየቀረ፣ ምቱም እዚህም እዚያም እየተበተነ አስቸግሮታል። ሽማግሌው ባልደረባው ቶሎ በሚነደው ሲተኩስ ነው የኖረው። «እኔ ደግሞ ጠንቃቃ ነኝ» አለ። ጠንቃቃም ነው፣ እሱን አልክድም። ባሩዱን ከሰፈረ በኋላ ቀለሆቹን እንጨት መደርደሪያ ላይ አቁሞ፣ ባትሪ እያበራ የእያንዳንዱን ውስጥ ሳያይ አረር አይገጥምም። ለመንኩት፣ ተቆጣሁ፣ አኮረፍኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ቶሎ የሚነደውን መረጠ።

በዚያው ሰሞን አባቱ ከሆሳዕና መጡ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ከሚሆኑ ትንሽ እኛ ጋ ይቆዩ ብለን ነው ያመጣናቸው። አባባ ዕድሜያቸውን በሙሉ እህል ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። የመስኮታችንን ፍርግርግ፣ አጥሩ ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ሽቦ አይተው «ልጄ፣ እዚህ አገር የሚታሰረው ሌባው ነው ባለቤቱ?» አሉኝ። ሳቅኩ።

አባባ ጣሳ ሞልቶ የጣሳውን አፍ በእጁ ጠርጎ የሚሸጥ ነጋዴን ከሌባ አይለዩትም። ስፍር መከመር አለበት፣ ከተሰፈረ በኋላ ደግሞ እፍኝ ምርቃት ይጨመርበታል፤ ያለ ምርቃት የሸጡት እህል በሳቸው ቤት የተሰረቀ ነው። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይሉኛል ደጋግመው። ሻይ ሲቀዱልኝ እንኳ ስኳሬን ጨምረው፣ ማንኪያውን ሊያስቀምጡ ሲሉ መለስ ይሉና ቆንጠር አድርገው ይጨምሩልኛል። ስኳር እንደማልወድ ብነግራቸውም ያው ነው።

ሥራ ፈትተው ሲንቆራጠጡ ልጃቸው አዘነና ጋራዥ አስገባቸው። ትንሽ የመዳብ መስፈሪያ ሰጣቸው፤ አፉን በካርድ ጠርገው ቀለሁ ውስጥ ይገለብጣሉ፣ እሱ አጠገባቸው ሆኖ ያያል። አባባ አንዱን ቀለህ አንስተው በአንድ ዓይናቸው ወደ ውስጥ ተመለከቱና ፊታቸው ተኮሳተረ።

«ይሄማ ታቹንም አልሸፈነ! ለጠላት የሚሰፈር ነው እንዴ?»

«ይበቃዋል አባባ።»

«ይበቃዋል ይላል» አሉኝ ወደኔ ዞረው። «የኔ ልጅ ከመቼ ወዲህ ነው ስስት የተማረው?»

እኔም ባሌን እንዲያው በነገር ወጋ ለማድረግ «አባባ እውነታቸውን ነው፣ ያኛውን ብትመርጥ ይሞላ ነበር» አልኩት። ሁለቱም ሳቁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሆስፒታል ስመለስ መብራት ጠፍቶ ጠበቀኝ። ሎድሸዲንግ የሚሉት የፈረቃ መብራት ማቋረጥ ነው። የግቢው በር በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ሪሞቱን ብጫነው ብጫነው ንቅንቅ አላለም። ያን ጊዜ ከኋላዬ አንድ መኪና መጥቶ ቆመ፤ መስታወቱ ጥቁር ነው፣ ውስጡ አይታይም። እዚህ ከተማ ሰው መኪናውን የሚነጠቀው የገዛ በሩ ላይ መሆኑን የማያውቅ የለም። ጥሩንባውን በሁለት እጄ ተጭኜ አለቀውም አልኩ። ባሌ ጋራዥ ውስጥ ከአባቱ ጋር ሲሠራ የያዘውን ጥሎ እየሮጠ መጣና በሩን በእጁ ገፍቶ ከፈተልኝ። ከኋላዬ የቆመው የጎረቤታችን እንግዳ ኖሯል፣ ቤቱ ጠፍቶበት። ነፍሴ መለስ እስክትል ባሌ ግቢው ውስጥ እጄን ይዞ ቆየ። ከዚያ እኔ ወደ ቤት ገባሁ፣ እሱ ወደ ጋራዡ ተመለሰ። ከመውጣቱ በፊት ቀለሆቹን በባትሪ አይቶ ጨርሶ ነበርና አረሮቹን ገጠመ።

ቅዳሜ ሦስታችንም ከከተማ ወጣ ወዳለው የተኩስ ሜዳ ሄድን። እኔ የምሄደው ወድጄ አይደለም፤ ቤት ሆኖ ስልክ መጠበቅ ስለሚብስብኝ ነው። ቀይ ባንዲራው ሲሰቀል ከተኳሾቹ በስተኋላ መሬት ላይ የተሰመረውን ቢጫ መስመር ማንም አያልፍም። እኔና አባባ ከመስመሩ ወዲህ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፤ ሁላችንም የጆሮ መከላከያ አድርገናል። ባሌ ጥቂት ተኮሰ። በተኮሰ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ስገልጠው መጀመሪያ የሱን ጭንቅላት እፈልጋለሁ።

አባባ የራሳቸውንም የኔንም የጆሮ መከላከያ ገለጥ አድርገው ተጠጉኝ።

«ድምፁ ደካማ ነው። የኔዎቹ ጋ ሲደርስ ታያለሽ።»

«የእርስዎ የትኞቹ አባባ?»

«አንቺ በር ላይ ጥሩንባ ስታንባርቂ እሱ ወጣ አይደል? ቀለሆቹ ባዶ ሆነው ሲያዩኝ አንጀቴ አልችል አለ። ምርቃቷን ጨመርኩባቸዋ! ሁሉንም አላዳረስኩም፣ ቶሎ ተመለሰብኝ።» ፊታቸው በርቷል፤ ስጦታ ደብቆ እንደያዘ ሰው ፈገግ ይላሉ።

ባሌን ስሙን እየጠራሁ ጮህኩ። አይሰማም፤ ጆሮው ተደፍኗል። አንዱን ጥይት ከሳጥኑ አንስቶ ጠመንጃው ውስጥ ሲከትት፣ ሲቆልፍ፣ ጉንጩን ሲያስጠጋ አየሁ። መስመሩን ዘልዬ አለፍኩ። ነጩ የሜዳው ተቆጣጣሪ በአፍሪካንስ ሲጮህብኝ ይሰማኛል፤ እግሬ ግን የኔ አልነበረም። ከኋላው ደርሼ የሸሚዙን ኮሌታ ይዤ በሙሉ ኃይሌ ወደ ኋላ ሳብኩት። ጣቱ ቃታው ላይ አልደረሰም ነበር።

«አብደሻል?»

«አውጣው! ጥይቱን አውጣው! አባባ ጨምረውበታል!»

መጀመሪያ አልገባውም። ዞሮ አባቱን አየ፣ ሳጥኑን አየ፣ ከዚያ ፊቱ አመድ መሰለ። ጥይቱን በቀስታ አውጥቶ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው።

ወዲያው ዕቃችንን ጭነን ወደ ቤት ጉዞ ጀመርን። አባባ ከኋላ ወንበር ሆነው አንዴ «ምን አጠፋሁ?» አሉ። እኔ በአፌ ሙሉ ንዴት ይዣለሁ፤ ቤት ስንገባ እንዴት እንደምጮህ ቃሉን እየመረጥኩ ነበር። ለባሌም ለአባቱም የሚበቃ ነበረኝ።

ባሌ ግን ቀደመኝ። አባቱን ጋራዥ ወሰዳቸው። ከሳጥኑ አንድ ጥይት መርጦ አረሩን ነቀለና ባሩዱን ነጭ ወረቀት ላይ ገለበጠው፤ ልኩ ነበር። ከዚያ የኪሱን ጥይት ነቅሎ አጠገቡ ገለበጠ። ይሄኛው ክምር የዚያኛውን እጥፍ ያልፋል። አባባ ሁለቱን ክምሮች አጎንብሰው አዩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ስፍር ሲያዩ ለኖሩ ሰው ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም።

«ይሄ ምን ያደርግ ነበር?» አሉ።

«ይገድለኝ ነበር አባባ።»

በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው መዳፋቸውን ያዩ ጀመር።

«እኔ እኮ እንዳይጎድልብህ ብዬ ነው» አሉ።

ያን ሁሉ መንገድ ያዘጋጀሁት ጩኸት የት እንደገባ አላውቅም። እንባዬ ብቻ መጣ፤ ለባሌ ይሁን ለሳቸው እስካሁን አለየሁትም።

ባሌ የቀሩትን ጥይቶች ሁሉ ፈታ። ቶሎ የሚነደውን ባሩድ ሣሩ ላይ በስሱ በትኖ ውሃ አጠጣበት፣ ያንን ብዙ የሚፈልገውን ጨምሮ ገዛ። አሁን ቀለሁ እስከ አፉ ይሞላል፤ ተሳስተው ቢጨምሩበት ጠረጴዛው ላይ ይፈስሳል። ምቱ ይበተናል፣ ባልደረባው ይስቅበታል፣ እሱ ግድ የለውም። እኔ አሁንም በተኮሰ ቁጥር ዓይኔን ጨፍኜ ጭንቅላቱን እፈልጋለሁ። አባባ ጋራዡን ደግመው አልረገጡትም፤ ልጃቸው ቢለምናቸውም «ወገቤን ነው» እያሉ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ሰነበቱና ወደ ሆሳዕና ተመለሱ።

በቅርቡ የባሌ እህት ደወለችልኝ። የእህል ሱቁን የያዘችው እሷ ናት፤ አባባ አሁንም እየመጡ ይሰፍራሉ።

«ምን አድርጋችሁብኝ ነው አባቴን?» አለችኝ እየሳቀች። «ጣሳውን ሞልቶ አፉን በእጁ ይጠርጋል! ምርቃት የሚባል ቀርቷል። ደንበኛው ሁሉ ደቡብ አፍሪካ ደርሶ ስስት ይዞ መጣ እያለ ያማዋል።»

አልሳቅኩም። እሳቸውን አቅርቢልኝ አልኳት።

«አባባ» አልኳቸው፣ «ጤፍ እኮ ነው። ጤፍ ሰው አይገድልም። ይጨምሩላቸው እንጂ።»

የገበያው ጫጫታ ከኋላቸው ይሰማኛል።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ። «እጄ እምቢ አለኝ።»