ያለ ካፊል

አባቴ ዕድሜውን ሬዲዮ አጠገብ ተቀምጦ አንድ ዜና ሲጠብቅ ኖረ፤ የመን ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ኅብረት ገባች የሚል ዜና። የኅብረቱ ነገሥታትና አሚሮች በየዓመቱ ይሰበሰባሉ። እኛም ኤደን፣ ቃሉዓ ሰፈር፣ የወደቡ ማንሻዎች ከሚታዩበት ደጃፋችን ላይ እንሰበሰባለን። መግለጫው ሲነበብ አባባ ዝም በሉ ብሎ እጁን ያነሳል፤ እኔም የስፌት መኪናዬን አቆማለሁ። ስማችን ሳይጠራ ያልቃል። "ኢንሻአላህ፣ ለከርሞ" ይልና ሬዲዮውን ይዘጋል። እኔ ደግሞ እናደዳለሁ፤ ለከርሞ የሚባል ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ አልወድም።

አንድ ዓመት ግን ትንሽ ተከፈተልን። በጤና፣ በትምህርት፣ በሥራ ጉዳይና በእግር ኳስ አብራችሁን ሁኑ ተባልን፤ በንግዱና በድንበሩ ግን ገና ነው። አባባ ጎረቤቱን ሁሉ ሻይ ጋበዘ። "በረንዳው ላይ አስቀምጠውናል፤ ሳሎኑም አይቀርም" አለ።

ከተጋበዙት አንዱ ጡረተኛ አስተማሪ ነበር፣ የኤደን ተወላጅ። ሻዩን ጨልጦ ሲያበቃ "ያ አኺ፣" አለው፣ "ድሃ ዘመዱን ሳሎን የሚያስገባ ማነው? በሩ ቢከፈት ሥራ ያጣው ወጣታችን በሙሉ ይሻገራል፤ እነሱም ይህን አያጡትም። ደግሞስ ከሰሜን የመን ጋር የተጋባነው ገና ሳይጠና፣ ምን ሌላ ሠርግ አማረህ?" አባባ ተቀይሞ ስንት ቀን ሰላምታ ነፈገው። እኔ ግን ሰውየው ውሸት እንዳልተናገረ አውቅ ነበር።

አባባን የያዘው ፖለቲካ አልነበረም። ደሴ ላይ ከየመናዊ ነጋዴ ተወልዶ እዚያ "ዐረቡ" ሲባል አደገ፤ እዚህ ሲመጣ "ሐበሺው" ተባለ። አንገቱን ቀና አድርጎ የኖረው ጅዳ ብቻ ነው። ከውሕደቱ በፊት የሰሜን የመን ፓስፖርት የያዘ ሰው ሳዑዲ ውስጥ ያለ ካፊል ይሠራ ነበር። ካፊል ማለት ለባዕዱ ኃላፊ ሆኖ ስሙን የሚያውስ የአገሩ ሰው ነው። አባባ ግን በገዛ ስሙ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ሰሜንና ደቡብ በተዋሐዱ ማግሥት፣ የኩዌት ጦርነት ሰሞን፣ መንግሥታቱ ተኳረፉና የየመን ሰው ሁሉ ወይ ካፊል አምጣ ወይ ውጣ ተባለ። የሱቁን ቁልፍ ኪሱ ከትቶ ወጣ። "ወላሂ፣" ብሎ ማለ፣ "በሰው ስም ተንጠልጥዬ ያንን ምድር አልረግጥም፤ ሚስቴንም አላስረግጥም። እንደ ወንድም ካልሆነ ይቅር።"

ያን ጊዜ ታላቅ እህቴ እዚያው ሳዑዲ፣ ደማም ትዳራለች ብሎ ያሰበ አልነበረም። ተዳረች። ባሏ የሐድራሞት ዘር ያለው ሳዑዲ ነው። በየዓመቱ በስሜ የጥየቃ ቪዛ ልላክላችሁ ይላል፤ አባባ በየዓመቱ እምቢ ይላል። እህቴ ልጆቿን ይዛ በመጣች ነበር፤ ነገር ግን ባሏ ኤደንን በዜና ብቻ ስለሚያውቃት ይፈራል። ሐጅ እንሂድ እንዳንል አቅሙ የለንም። እማዬ የልጅ ልጆቿን በስልክ በድምፃቸው ትለያቸዋለች፤ አንዳቸውንም አቅፋ አታውቅም። እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነበር።

"መሐላ ቢፈርስ ከፋራ አለው" ትለዋለች እማዬ። "አሥር ድሃ ማብላት ነው፤ ያልቻለ ሦስት ቀን ይጾማል። ካቃተህ እኔ ልጹምልህ።"

"የእኔ መሐላ በአንቺ ሆድ አይጾምም" ይላታል። ንግግሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

የባሕረ ሰላጤው የኳስ ዋንጫ ኤደን ላይ እንዲደረግ ሲወሰን ከተማችን ሙሽራ ሆነች። ግንቡ ተቀባ፤ መብራት መጥፋቱን ተወ። እኔም የየአገሩን ባንዲራ ስሰፋ ሰነበትኩ። ቡድናችን የመጀመሪያውን ጨዋታ በሰፊው ተሸነፈ። አባባ "እንግዳ አክብረን ነው" አለ።

በማግሥቱ ቀትር ላይ አንድ ወፍራም ሳዑዲ፣ ነጭ ቶብ ለብሶ፣ ባንዲራ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ በሰፈራችን ሲንከራተት አየነው። ከጓደኞቹ ተነጥሎ መንገድ ጠፍቶታል። ለእንግዶቹ የሚደረገው ጥበቃ ጥብቅ ነበርና አንድ ወታደር አስቆመው። "ብቻህን መዞር መምኑዕ፣ ክልክል ነው። ኃላፊህ ማነው?" ሰውየው ላቡን ጠረገ።

አባባ ከደጃፉ ተነሣ። "አነ ካፊሉ" አለ። እኔ ነኝ ካፊሉ።

"ያ ዐም፣ ታውቀዋለህ?"

"እንግዳዬ ነው።"

ወታደሩ የአባባን መታወቂያ ወሰደ። "አንድ ነገር ቢሆን የምንይዘው አንተን ነው።"

እማዬ ሩዝ በዓሣ አቀረበች፣ በርበሬዋን ሳትሰስት። እንግዳው ዕንባውን እየጠረገ ደጋግሞ አስጨመረ። ከዚያ ፍራሹ ላይ ጋደም አለና እንደ ቤቱ ማንኮራፋት ጀመረ። አባባ ግን አንድ ጉርሻ አልወረደለትም። በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው፤ ዝንብ ስታርፍበት እንኳ መጥቶ እሽ ይልለታል። ሰውየው ሲነቃ እስከ አውቶቡሳቸው ሸኘው፤ ከወታደሩም መታወቂያውን ተቀበለ። ሲሰናበቱ እንግዳው "በእኔ ስም የሚሠራ ስንት ሰው አለ፤ ለእኔ ካፊል የሆነልኝ ግን አንተ ብቻ ነህ" ብሎ ግንባሩን ሳመው።

እማዬ ሰሃኑን እያነሳሳች ጠየቀችው። "ሰውየው በአንተ ስም ሲቀመጥ አነሰብህ?"

"ምን ያንሳል! አሳሰበኝ እንጂ።"

"ታዲያ አማችህ ስሙን ቢያውስህ አንተ ለምን ታንሳለህ?"

አባባ ሬዲዮውን ከፈተ። ስለ ኳስ ያወራል። መልሶ ዘጋው።

በነጋታው እማዬ ሻይና ኹብዝ ዳቦ ስታቀርብለት "ጾመኛ ነኝ" አለ። ሰው በፈቃዱ የሚጾምበት ሰኞ አይደለ፣ ሐሙስ አይደለ። ነገሩ ሲገባኝ የያዝኩትን ጨርቅ ጣልኩት። እማዬ የራሷን ሻይ ከፊቷ አራቀች፤ ሦስቱንም ቀን አብራው ጾመች።

በሦስተኛው ቀን መግሪብ ላይ በቴምር አፈጠሩ። አባባ እጁን ታጥቦ ደማም ደወለ። እህቴ ናት ያነሳችው፤ ባልሽን ስጪኝ አላት። ባሏ ስልኩን ተቀበለ።

"ያ ወለዲ፣ ልጄ፣" አለው፣ "ስምህን አውሰን። እናትህን ይዤልህ ልምጣ።"