የፑኝዶው በረኛና ቀዩ መብራት

ጋች ሰው መትቶ አያውቅም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ቁመቱን ብቻ አይቶ የሚፈራው ስለሚበዛ ነው። የኢታንግ ልጅ ነው፤ እስከ ስምንተኛ ተምሮ፣ ከብት ጠብቆ፣ ባሮ ላይ ጀልባ ቀዝፎ፣ በመጨረሻ ፑኝዶ መጣና እኔ በምሠራበት የስደተኞች እህል መጋዘን በረኛ ሆነ። ሥራው ቀላል ነበር። ሰው ጣቱን ማሽኑ ላይ ያሳርፋል፤ አረንጓዴ ከበራ ጋች ያስገባል፣ ቀይ ከበራ ይመልሳል።

ጣጣው ከማሽኑ ነበር። ፕሮግራሙ ከአሻራው ጋር ስምም ያመሳክራል። አንዲት ኛሉዋል የምትባል ሴት እህሏን ከወሰደች፣ ሌላዋ ኛሉዋል ስትመጣ «ወስዳለች» ብሎ ቀይ ያበራል። ካምፑ ውስጥ ደግሞ ኛሉዋል ሞልታለች።

መጀመሪያ የተመለሱት ሴቶች ባዶ ጆንያ ይዘው ሄዱ፤ ወንዶቹ ዱላ ይዘው መጡ። መብራቱን የመታ የለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነውና ጋችን መቱት። ትከሻውን፣ ጀርባውን፣ ሲወድቅ ደግሞ አፉን። ጥርሱን ከደም ጋር ተፋ። «ቋንቋችንን እየተናገርክ ታስርበናለህ?» ይሉት ነበር።

ፕሮግራሙን የጻፈችው የትናየት ከጋምቤላ ከተማ ተጠርታ መጣች። የአስተማሪ ልጅ ናት፤ ቶሎ የምትናገር፣ ቶሎ እርግጠኛ የምትሆን። ስሙን ትቶ አሻራውን ብቻ እንዲያይ አድርጋ ላፕቶፕዋ ላይ ሞከረችው፤ ሠራ። የበሩ ኮምፒውተር ላይም ያንኑ ጻፈችና የእኔን ጣት መዝግባ ሞከረች። አረንጓዴ በራ። የእኔ ስም ያለው ሌላ ሰው መዝገቡ ላይ እንደሌለ ሁለታችንም ልብ አላልንም።

«አለቀ ጋች። ከእንግዲህ አላግባብ ቀይ የለም።»

«እርግጠኛ ነሽ እህቴ?»

«እርግጠኛ ነኝ። ንገራቸው።»

ነገራቸው። ምነው በዚያ ባበቃ! «ኛሉዋል ላይ እንደገና ቀይ ከበራ ግደሉኝ» ብሎ ጨመረበት።

እደላው ላልደረሳቸው በቀጠለበት ቀን አስቀድማ የመጣችው ያቺው ባለፈው የተመለሰችው ኛሉዋል ናት። ጣቷን አሳረፈች። ቀይ በራ።

ከተሰለፈው ሕዝብ የተወረወረው የመጀመሪያ ድንጋይ የጋችን ቅንድብ ተረተረው። ሁለተኛው ዓይኑ ላይ አረፈ። ጋች በሩን ለቆ አልሸሸም፤ እጁን ዘርግቶ «ቆዩ፣ ቆዩ» እያለ ነበር የወደቀው። ከዚያ በኋላ ዱላው ነው የሚሰማው። እኔ የኮምፒውተሩን ክፍል በር በጀርባዬ ይዣለሁ፤ ቆርቆሮው ከውጭ በድንጋይ ይቀጠቀጣል፤ የትናየት የጻፈችውን ታነባለች። ስህተት የለበትም።

ፕሮግራሙ ሲነሳ «ሰላም» ብሎ እንዲጽፍ አንድ መስመር ጨመረችበት። አስነሳችው፤ ሰላም የለም። ከውስጥ ሆና በኛሉዋል የመዝገብ ቁጥር ሞከረችው፤ ቀይ። ያኔ ያበደች መሰለኝ፤ የጻፈችውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች አጠፋችው። ባዶ። አስነሳችው።

ቀይ በራ።

«ያጠፋሁት ነገር እየሠራ ነው» አለች።

በኋላ እንዳስረዳችኝ፣ ኮምፒውተር ሰው የጻፈውን ወደ ራሱ ቋንቋ ለውጦ ያስቀምጥና በዚያ በተለወጠው ይሠራል። ጽሑፉ ከተለወጠው በኋላ የተነካ መሆኑን ካየ ብቻ እንደገና ይለውጠዋል። ይህን የሚለየው በቀን ነው። የዚያን ጊዜ ግን የትናየት የስክሪኑን ጥግ ነበር የምታየው። ዓመቱ 2017 ይላል። ቀድሞ ጋምቤላ ላይ የተለወጠው ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር 2025 ተብሎ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ አዲሱ ጽሑፏ ለማሽኑ የድሮ ሆነበትና ሳይነካው አለፈ። የተለወጠውን አሮጌ ሰርዛ ትክክለኛውን ከላፕቶፕዋ ገለበጠች። አረንጓዴ በራ።

ፖሊስ ወደ ሰማይ ተኩሶ ሕዝቡን ሲበትን በሩን ከፈትን። ኛሉዋል ጋች ላይ ተደፍታ ዱላውን በጀርባዋ ትቀበል ኖሯል። ልብሷ ከገላዋ ጋር በደም ተጣብቋል። ከሥሯ ስናወጣው ግራ ዓይኑ የለም።

እኔና የትናየት ጋምቤላ ሆስፒታል አብረን ጠየቅነው። ፊቱ አብጦ ተጠቅልሏል።

«ምኑ ነበር የተበላሸው?» አላት።

የትናየት የኮምፒውተሩ ባትሪ ደክሞ ነው ብላ ልታልፈው ትችል ነበር። አልዋሸችውም። «መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ቀኑን ይረሳል። ሲነሳ የኛ ዓመተ ምሕረት ተሞልቶለታል። እሱ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው።»

ጋች ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።

«የሞላሁት እኔ ነኝ። ቀን ሲጠይቅህ የዛሬን ሙላ ብለሽኛል። ሁልጊዜ ከግድግዳው ካሌንደር አይቼ ነው የምሞላው። ተሳሳትኩ?»

እንባዋ ወረደ። «አልተሳሳትክም ጋች። ቀኑ ትክክል ነበር። የትኛውን አቆጣጠር እንደሆነ ያልነገርኩህ እኔ ነኝ።»

ጋች በቀረችው ዓይኑ አያት። ዓይኑ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ሰዎቹ የራባቸው እውነት ነው» አለ። «የሞላሁት ቀንም እውነት ነው። ታዲያ ለምን መቱኝ?»