ሺባኩራና አሥራ ሁለቱ ጦጣዎች

በዚህ አገር ጉንጩን ሮዝ ተቀብቶ፣ ዓይኑን እንደ ኳስ አንከባሎ ያልተሣለ ነገር ቢፈለግ የሚገኘው የሺባኩራ ፊት ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ አልቋል። የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚመጥጠው መኪና ሆዱ ላይ በተሣለች ጉማሬ ፈገግ ይላል። ግብር ያልከፈለ ሰው ቤት የሚደርሰው ማስጠንቀቂያ ጥግ ላይ አንዲት ጥንቸል እጇን አጣምራ «እባክዎ» ትላለች። በኪንታሮት መድኃኒት ማሸጊያ ላይ ኪንታሮቱ ራሱ ኮፍያ ደፍቶ ይስቃል፤ ምን እንደሚያስቀው እሱ ይወቅ። ሕዝቡም ከሕፃን እስከ ሽማግሌ አንድ ቃል ብቻ ቀርቶታል፤ «ካዋዪ» ይላል። ቃሉ በግርድፉ «ውይ ሲያምር» ማለት ነው፤ በደንብ ሲመረመር ግን «ከእንግዲህ ወዲያ አላስብም» ማለት ነው።

ሺባኩራ የመንገድ ሥራ ፎርማን ነው። ሠራተኞቹ ፊት ለፊት «አለቃ» ይሉታል፣ ዞር ሲል «ጭራቁ»። ቅንድቡ ሁለት የጫማ ብሩሽ ያህላል። ድምፁ ከሸለቆ ማዶ የተኛ ውሻ ያስነሣል። ሌላው ፎርማን መኪና የሚያስቆመው ባንዲራ እያውለበለበ ነው፤ እሱ ያያል፣ መኪናው ይቆማል። አንድ ጊዜ እንዲያውም አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከቆመ በኋላ ማንም ሳይጠይቀው መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ሰጥቶታል። ሺባኩራ ይህን ታሪክ በየመጠጥ ቤቱ ያወራዋል። ሌላ ሀብት የለውም፤ መፈራቱን ግን ማንም አልቀማውም ነበር።

ነበር ማለታችን ያለ ነገር አይደለም። የዘንድሮ ሾፌር ሲጮኹበት ቆሞ አይቀርም፣ ይከስሳል። ሁለት ሾፌሮች ኩባንያው ድረስ ደውለው «ያ ሰውዬ አስደነገጠን» አሉ። የክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ታተዋኪ አስጠራችው፤ በሩን በቀስታ ዘጋች፣ ሻይ ቀዳችለት። እዚህ አገር ሻይ ተቀድቶለት መልካም ዜና የሰማ ሠራተኛ የለም።

«አቶ ሺባኩራ፣ ሦስተኛ አቤቱታ ከመጣ እስከ ጡረታዎ መጋዘን ነው የሚውሉት።»

«መጋዘን ማን አለ?»

«ማንም የለም። ዕቃ ብቻ ነው።»

ሺባኩራ ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ። የሚፈራው ሰው የሌለበት ቦታ! ከዚያስ የመቃብር ጉድጓዱን ቢያሳዩት ይሻለው ነበር።

ቀጥሎ የተላከው በቶኩሺማ ተራሮች ውስጥ ወዳለችው ኦቺዳኒ ነው። ናዳ ወደ መንደሩ የሚወጣውን ብቸኛ መንገድ ግማሹን ጠርምሶ ወስዶት፣ ግማሹ ብቻ ለመኪና ቀርቷል። በመንደሩ የሚኖሩት ሽማግሌዎችና ጦጣዎች ናቸው፤ በመካከላቸው ጦርነት አለ። ሽማግሌዎቹ ስኳር ድንች ይተክላሉ፣ ጦጣዎቹ ይቆፍራሉ። ሽማግሌዎቹ መረብ ይዘረጋሉ፣ ጦጣዎቹ በመረቡ ይንጠላጠላሉ። ማሳ ውስጥ ሬዲዮ ከፍተው ቢተዉ፣ ጦጣዎቹ ዜና እየሰሙ ይበላሉ። መንደርተኛው ካሸነፈበት ቀን ይልቅ ሬዲዮ የተሰረቀበት ቀን ይበዛል።

እዚህ መንደር ነው እንግዲህ ወይዘሮ ታተዋኪ፣ የሺባኩራን ፊት የሚያለሰልስ ነገር ብላ፣ አዲስ የመንገድ ማገጃ በኪራይ የላከችው። አሥራ ሁለት የፕላስቲክ ጦጣዎች። ቁመታቸው እስከ ወገብ፣ መልካቸው ቢጫ፣ ጉንጫቸው ሮዝ፤ በየመካከላቸው የሚጋደመውን የብረት ቱቦ እንደ ሕፃን አቅፈው ይስቃሉ። ሺባኩራ ስልኩን አነሣ።

«ወይዘሮ ታተዋኪ፣ ጦጣ ነው የላኩልኝ።»

«አዎ። ደስ አይሉም?»

«እዚህ ሰዉ ጦጣ ሲያይ ድንጋይ ነው የሚያነሣው።»

«ጥንቸሎቹ ሁሉ ተከራይተዋል። የቀረው ዶልፊን ነው። ተራራ ላይ ዶልፊን ምን ይሠራል?»

«ጦጣስ ምን ይሠራል?»

«ይስቃል። እርስዎማ አይስቁም።»

በማግሥቱ እማማ ኩሜ በትር ይዛ ቁልቁለቱን ወረደች። ሰማንያን ካለፈች ቆይታለች፣ ጀርባዋ ጎብጧል፣ ምላሷ ግን ቀጥ ብሎ እንደቆመ ነው። ይህች ሴት «ወንዙ ጮኸብኝ» ብላ ማዘጋጃ ቤት የደወለች ናት። ማዘጋጃ ቤቱም ሰው ልኮ ወንዙን አዳምጧል።

«አንተ፣ ጭራቁ አንተ ነህ?»

«ፎርማኑ ነኝ፣ እማማ።»

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«የመንገድ ማገጃ።»

«ለሌባ ሐውልት አቆማችሁለት በለኛ። ትናንት ስኳር ድንቼን ጠራርገው በሉ፣ ዛሬ መንገድ ላይ ቆመው ይስቁብኛል።»

«እነዚህ እኮ ፕላስቲክ ናቸው።»

«አሳሳቃቸው ያው ነው።»

ይህን ብላ በትሯን አነሣችና ዳር ላይ የቆመችውን ጦጣ ጉንጯ ላይ አወረደችባት። ጉንጩ ቋ ብሎ ተሰነጠቀ። ሺባኩራ አፉን ከፈተ። ጩኸቱ ከሆዱ ተነሥቶ ጉሮሮው ደረሰ።

«ጩህ እስቲ» አለች ኩሜ። «ስልኬ እዚሁ ኪሴ ውስጥ ናት። የኩባንያህን ቁጥር ከሰሌዳው ላይ ገልብጫለሁ።»

ሰው ጩኸቱን ሲውጥ ያየ እንደሆነ ትልቅ የሩዝ ጉርሻ ያነቀው ይመስለዋል። የሺባኩራ ዓይን እንባ አቀረረ።

«እጅዎን አላመመዎትም፣ እማማ?» አለ በመጨረሻ።

ኩሜ ሽቅብ ተመለሰች። ሺባኩራ ጦጣዋን አየ። ወይዘሮ ታተዋኪ ድንገት መጥታ ስንጥቁን ካየች ማን መታት ትላለች፤ ማን መታት ከተባለ ኩሜ ትደውላለች። የላብ መጥረጊያ ፎጣውን ከአንገቱ ፈታ። የመንደሩ መጠጥ ሻጭ ለአዲስ ዓመት ለደንበኞቹ ያደለው ቀይ ፎጣ ነው። የጦጣዋ አገጭ ሥር አሠረው፣ ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ጉንጯን ሸፈነና ሥራው ላይ ተሰማራ።

የሠራው ስሕተት የገባው ዘግይቶ ነው። እዚህ አገር መንገድ ዳር ቆሞ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ የሚታሰርለት ማን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ መንገደኛና ሕፃናትን የሚጠብቀው፣ ጂዞ የሚባለው የቅዱስ የድንጋይ ሐውልት ነው። ሽማግሌው ሞንጂሮ በዚያ ምሽት ሞቅ ብሎት ሲመለስ መነጽሩን ረስቶ ነበር። ቀይ ጨርቅ አየ፣ አጭር ቁመት አየ፣ ፈገግታ አየ። እጁን አጋጥሞ ጎንበስ አለ፤ ከኪሱ አንድ መንደሪን አውጥቶ እግሯ ሥር አኖረ። አንድ ሰው መንደሪን ባኖረበት ቦታ ሁለተኛው ባዶ እጁን ማለፍ አይሆንለትም፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለተኛው ያነሰ ለማኖር ያፍራል። በሳምንቱ ጦጣዋ ፊት የሩዝ ኬክ፣ ካኪ የሚሉት ፍሬ፣ አንድ ብርጭቆ የሩዝ መጠጥ ሳኬ፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች ተደርድሮ ነበር።

«አባባ፣ ይህ ማገጃ ነው» አለው ሺባኩራ ሞንጂሮን።

«አውቃለሁ፤ መነጽሬን አድርጌ አይቻታለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ካኖርኩ በኋላ ላንሣ? ቅር ቢላትስ?»

ቀጥሎ እውነተኞቹ ጦጣዎች ወረዱ። ምን ያድርጉ፤ ላይኛው ማሳ ላይ ቆፍሮ መብላት አለ፣ እታች ተቀቅሎ ቀርቦላቸዋል። ከነግልገሎቻቸው መንገዱ ዳር ሰፈሩ። ማሳው ላይ አንድም ጦጣ ጠፋ። ኦቺዳኒም ነገሩን አሰላችና የራሷ ድምዳሜ ላይ ደረሰች፤ ምግቡ ነው ያለ የለም፣ ያቺ ባለ ቀይ ፎጣዋ ናት ተባለ።

ከሁሉ የባሰችው ኩሜ ነበረች። በትሯን ጥላ መርፌ አነሣች። ለአሥራ ሁለቱም ቀይ የአንገት ጨርቅና የክር ኮፍያ ሠርታ አመጣች። የዳሯን ጦጣ ፎጣ በገዛ እጇ ስትፈታ ስንጥቁ ብቅ አለ። ጎረቤቶቿ ቀረብ ብለው አዩ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ሞንጂሮ።

ኩሜ ዓይኗን አላርገበገበችም። «ስርጉድ ነው። ስትስቅ ይታያል።»

«ውይ፣ ካዋዪ» አሉ ሁሉም።

ሺባኩራ አካፋውን አንሥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚያየው ሰው ጠፋ። መኪናው በሙሉ ራሱ ይቆማል፣ ሾፌሩ ይወርዳል፣ ስርጉዷን ፎቶ ያነሣል፣ እጁን አጋጥሞ ይሄዳል። አንዱ እንዲያውም «ጋሼ፣ ከፎቶው ትንሽ ወጣ ይበሉልኝ» አለው። ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ወፍራም ጦጣ መጥቶ የሩዝ ጉርሻውን ከእጁ ወሰደ። ሺባኩራ መኪና የሚያቆምበትን አስተያየት ሙሉውን ለቀቀበት። ጦጣው እያኘከ ያንኑ አስተያየት መለሰለት። ሞንጂሮ ከወዲያ ሆኖ ያይ ነበርና «ወንድማማች ናችሁ እንዴ፣ አለቃ? ላንተም ኮፍያ ይሠራልህ?» አለ።

ይህንንም ዋጠ። መንገዱን ጨርሶ፣ ሦስተኛ ስልክ ሳይደወል፣ ከተራራው ለመውረድ ነበር ሐሳቡ።

መንገዱ አለቀ። የኪራይ ድርጅቱ ሰው በጭነት መኪና መጣ። መንደርተኛው ተሰልፎ ጠበቀው። ኩሜ የአሥራ አንዱን ኮፍያ አንድ በአንድ አወለቀችና «እነሱ አጃቢዎች ናቸው፣ ይሂዱ» አለች። አሥራ ሁለተኛዋ ፊት ግን ቆመች።

«ይቺ አትሄድም።»

«እማማ፣ የድርጅቱ ንብረት ናት።»

«ንካትና እደውላለሁ። የምደውለው ባንተ አይደለም፣ በሱ ነው» ብላ በአገጯ ሺባኩራን አመለከተች። «አለቃው እሱ ነው።»

ሺባኩራ መጋዘኑ ታየው። ተደርድረው የሚጠብቁት ዶልፊኖች ታዩት።

«የተሰበረ ዕቃ ትመልሳላችሁ?» አለው ሰውየውን።

«የተሰበረማ ምን ያደርግልናል። እዚሁ ይጣላል።»

«እንግዲያው ተሰብራለች» ብሎ ቀዩን ጨርቅ ገለጠ።

«ስርጉድ ነው» አለ ሞንጂሮ።

«ስንጥቅ ነው» አለ ሰውየው፣ በጣቱ እየዳበሰ። «ተመትታ ነው። ማን ነው የመታት?»

ኩሜ ከሸለቆው ማዶ በጣም የሚታይ ነገር አገኘች። ሺባኩራ አሰበ፤ እሷ ናት ካለ ትደውላለች፣ ስልኳም ኪሷ ውስጥ ናት።

«እኔ ነኝ» አለ።

የመንደሩ ሰው በሙሉ ወደ እሱ ዞረ።

«እንዴት እጅህ ቻለ» አለ ሞንጂሮ። «በዚህ ፊት ላይ?»

«ጨካኝ» አለች አንዷ። «ምን አደረገችው?»

ኩሜ ከማዶው ዓይኗን መለሰች። ራሷን በሐዘን ነቀነቀች። «ካየሁት ጀምሮ ጠርጥሬው ነበር» አለች። «ቅስሟን የሰበረው እሱ ነው።»

ያን ጊዜ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ሲዋጥ የከረመው ጩኸት ሁሉ ባንድ ላይ ወጣ።

«እርስዎ አይደሉም እንዴ በትር ያወረዱባት! ሌባ ያሏት! ስልኬ ኪሴ ውስጥ ናት ያሉኝ!»

እንዲህ ተናዶም ከአንቱታው አልወረደም። ድምፁ ግን ማዶውን መትቶ ተመለሰ። ጦጣዎቹ መንደሪናቸውን ጥለው ዝግባው ላይ ወጡ። የኪራይ ድርጅቱ ሰው መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ቆለፈ። ሺባኩራ እየተነፈሰ ቆመ፤ አለቀልኝ፣ እንግዲህ ይደወላል፣ ቢያንስ ግን ፈርተውኛል ብሎ ተጽናና።

ኩሜ አንገቷን ዘመም አድርጋ አየችው። ቀጥላ ለጎረቤቷ በሹክሹክታ፣ ግን ሁሉም በሚሰማው ሹክሹክታ፣ «ቅንድቡን አየሽው? ሲቆጣ ብድግ ይላል» አለች።

«ጉንጩም ቀላ» አለች ጎረቤቷ። «ሮዝ ሆነ እኮ።»

«ውይ» አሉ ሴቶቹ ባንድ አፍ። «ካዋዪ።»

«እስቲ ድገመው፣ ልጄ» አለች ኩሜ።

ሺባኩራ በእግሩ ነው ከተራራው የወረደው። የኪራይ ድርጅቱ ሰውም ስለ ስንጥቋ ለማንም አልተናገረም፤ ጦጣዋን እዚያው ትቶ መኪናውን ነድቶ ሄደ። ዛሬም እዚያው ናት፤ በየወቅቱ ኮፍያ ትቀይራለች።

ስልኩ ግን ተደወለ። ወይዘሮ ታተዋኪ አነሣችና «አቤቱታ አለኝ» የሚል የአሮጊት ድምፅ ስትሰማ፣ ለመጋዘኑ አንድ ወንበር እንዲገባ ልታዝዝ በልቧ ወሰነች።

«ትታችሁት የሄዳችሁት ሰሌዳ ላይ» አለች ኩሜ፣ «የብረት ቆብ አድርጎ እጅ የሚነሣው፣ ስለ መንገዱ ይቅርታ የሚለው ትንሽ ሰውዬ የለም? ቅንድብ የለውም። የኛው ጭራቅ ግን ቅንድብ ነበረው። ደግሞ ይኼኛው በጣም ያጎነብሳል። የኛው አያጎነብስም።»

ወይዘሮ ታተዋኪ እንዲህ ዓይነት ነገር የሚያመልጣት ሴት አይደለችም።

ሺባኩራ መጋዘን አልገባም። ወደ ባሕሩ ዳር ሌላ መንገድ ላይ ተመደበ። ሥራ በጀመረበት ጠዋት ሰሌዳው ቀድሞት ቆሟል፤ እስከ ወገቡ ይደርሳል፣ የብረት ቆብ አድርጓል፣ ሁለት የጫማ ብሩሽ የሚያህል ቅንድብ አለው፣ አፉን ከፍቶ ይጮኻል፣ ጉንጩ ሮዝ ነው። ሺባኩራ ጀርባውን ሰጠው። የመጀመሪያው መኪና ሲመጣ ባንዲራውን አላነሣም፤ ቅንድቡን ሰብስቦ፣ የቀረውን ሁሉ ዓይኑ ውስጥ አጠራቅሞ አየው።

ሾፌሩ ሺባኩራን አየ። ሰሌዳውን አየ። እንደገና ሺባኩራን አየ። ፍሬን ያዘ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረገና ስልኩን ለፎቶ አወጣ።

መኪናው ያው ቆመ።