ከማርሳቢት የመጣው ጩቤ

ልጅ ሆኜ ኢስትሊ ስንኖር፣ መብራት የሚጠፋበትን ምሽት እንደ በዓል እጠብቀው ነበር። ያኔ ናይሮቢ ውስጥ መብራት በፈረቃ ነበርና፣ ጨለማው ሲወርድ እናቴ ፋኖሱን ትለኩስና ራት የበሰለበትን ጂኮ የሚሉትን የከሰል ምድጃ፣ ፍሙ ሳይከስም፣ ወደ በሩ ታስጠጋዋለች። ታላቅ ወንድሟ ጋሼ በየነ ደግሞ ከአልጋው ሥር የእንጨት ሳጥኑን ይስባል።

ጋሼ በየነ አብዛኛውን ጊዜ ከናይሮቢ ሞያሌ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሌላው ሹፌር ከመንገድ ማርና ቅቤ ሲያመጣ፣ እሱ የሚያመጣው አሮጌ ጩቤና ቢላዋ ነበር፤ ያውም ፋብሪካ የሠራውን አይነካም። ቀጥቃጭ በእጁ ያወጣው፣ የመዶሻው ምት ገና የሚታይበት፣ እጀታው ከቀንድ የተጠረበ መሆን አለበት። ቀይ የቆዳ ሰገባ ያለው የማሳይ ጩቤ ነበረው። ከእንግሊዞች ጋር የዘመተ አንድ ወታደር ለራሱ ከመኪና ባሌስትራ ያሠራው፣ ቆርቆሮ የከፈተበትም ገመድ የቆረጠበትም የዘመቻ ቢላዋ ነበረው። ዘይት በነካ ጨርቅ እየወለወለ፣ የፍሙ ቅላት ስለቱ ላይ ሲንቀለቀል፣ የየባለቤቶቻቸውን ታሪክ ያወራልኝ ነበር።

ችግሩ መብራቱ መምጣቱ ነበር። የምንኖርበት ፎቅ በሙሉ በእልልታና በፉጨት ሲሞላ፣ ጋሼ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ ያደርግና ሳጥኑን ይዘጋል። እስከ መጨረሻው የሰማሁት ታሪክ ትዝ አይለኝም። በንዴት አለቅስ ነበር። ነገ እጨርስልሻለሁ ይለኛል፤ ነገ ግን ወይ መብራት አይጠፋም፣ ወይ እሱ መንገድ ላይ ነው።

ከሁሉ የባሰብኝ በሞያሌ መንገድ ላይ ካለችው ከማርሳቢት ያመጣው ጩቤ ታሪክ ነበር። አንድ ጎልማሳ የወንድሙን ደም ሊመልስ ያንን ጩቤ ታጥቆ፣ በረሃውን በእግሩ አቋርጦ ገዳዩ ደጅ ይደርሳል። ሰውየው የለም። ሚስቱ ማንነቱን ሳታውቅ፣ እንግዳ ነው ብላ ወተት ትቀዳለታለች። በዚያ አገር የሰው ቤት ወተት የቀመሰ በቤቱ ሰዎች ላይ እጁን አያነሳም፤ አልጠጣም ያለ ደግሞ ጠላትነቱን በራሱ አፍ ተናገረ ማለት ነው። ጎልማሳው የወተቱን ዕቃ ተቀበለ። ከውጭ የእግር ኮቴ ተሰማ። ይኼኔ መብራት መጣ።

በማግስቱ ጋሼ ወደ ሞምባሳ ጭኖ ወጣ። እሱ በሌለበት ፖሊሶች ሰፈራችን ውስጥ ከቤት ቤት እየገቡ የመኖሪያ ወረቀት መጠየቅ ጀመሩ። የእኛ ወረቀት ገና አላለቀም ነበር። እናቴ፣ ስደተኛ ቤት ውስጥ ሳጥን ሙሉ ጩቤ ቢገኝ ታሪኩን የሚጠይቅ ሰው እንደማይኖር ገብቷት ነበርና፣ ሳጥኑን በነጠላዋ ሸፍና ጊኮምባ ገበያ ላለ ቀጥቃጭ ወስዳ ሰጠችው። ከትምህርት ቤት ስመለስ የአልጋው ሥር ባዶ ነበር።

ጋሼ ሲመለስ ይጮሃል ብዬ ስፈራ ነበር። አልጮኸም። እንዴት ሳትነግሪኝ ብሎ ብቻ ጠየቃት።

«አንተ መንገድ ላይ ነህ» አለችው። «ሲንኳኳ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ።»

እኔን አስከትሎ ጊኮምባ ሄደ። ቀጥቃጩ ደግ ሰው ነበር፤ «ቹማ ምዙሪ»፣ ጥሩ ብረት ነው፣ እያለ የሠራውን በኩራት አሳየን። አዲስ የእንጨት እጀታ የተገጠመላቸው የሽንኩርት ቢላዋዎች ነበሩ። የትኛው ከየትኛው እንደወጣ ራሱም አያውቅም፤ ግማሾቹም ተሽጠዋል። ጋሼ አንዱን አንስቶ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። የመዶሻው ምት በሞረድ ተፍቆ ጠፍቷል። መልሶ አስቀመጠው።

ስንመለስ፣ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ሙዚቃው እየጮኸ፣ ጆሮው ሥር ተጠግቼ ጎልማሳው ወተቱን ጠጣው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ደግሜ ጠየቅሁት።

«እኔም አላውቀውም» አለኝ። «የአባቴ ጩቤ ነው ብሎ የሸጠልኝ ሽማግሌ እዚያ ላይ ሲደርስ አብሬ የምጓዘው የመኪኖች ኮንቮይ ተነሳብኝ። ጩቤውን ይዤ ተመልሼ ልጠይቀው ነበር።»

«ታዲያ አሁን ሄደህ አትጠይቀውም?»

«ምን ይዤ? የአባትህን ጩቤ ሽንኩርት መክተፊያ አደረግሁት ልበለው?»

ከዚያ በኋላ ጋሼ አንድም ጩቤ አልገዛም። መብራት ሲጠፋ ፋኖሱ አጠገብ ተቀምጦ ስለ ጎማና ስለ መንገድ ያወራ ነበር፤ እኔም ቀድሜ እተኛለሁ። ካደግሁ በኋላ ኢስትሊ የሚነግዱ የማርሳቢት ሰዎችን ጠይቄያለሁ። አንዱ ጠጥቶ ታረቀ አለኝ፣ ሌላው ወተቱን መሬት ላይ ደፋው አለኝ፤ ሁለቱንም አላመንኳቸውም።

ዛሬ እዚያው ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ከልጆቼ ጋር እኖራለሁ። በእናቴ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ አደርግ እንደነበር አውቃለሁ፤ ጋሼም ባዶ እጁን ማርሳቢት ለመሄድ ማፈሩ ይገባኛል። ከእነዚያ ምሽቶች ሁሉ ሳይለቀኝ የቀረው ንዴቱ ነው። የምቆጣው ሰው ባገኝ ይቀለኝ ነበር።