ወደ ግራ ስዞር የሚያጉረመርመው ጎማ

ሚስቴን በቀበርኩ ዓመት ከደብረ ማርቆስ ዳንግላ የሚመላለስ አሮጌ የጭነት መኪና መንዳት ጀመርኩ። መኪናው የአንድ የኑግ ነጋዴ ነበር። ረዳት ልቅጠርልህ ቢለኝ እምቢ አልኩ። ጋቢና ውስጥ ከጎኔ ተቀምጦ «አይዞህ» የሚለኝ ሰው አልፈለግሁም። ብቻዬን እነዳለሁ፣ ብቻዬን እበላለሁ፣ ሲመሽ እዚያው ጋቢናው ውስጥ ተኮራምቼ እተኛለሁ።

ድምፁ የመጣብኝ ክረምቱ ሲገባ ነው። ከቆሰበር ወጥቼ ወደ ግራ ስታጠፍ ከፊት በኩል ጉርርር አለ። መሪውን ሳቃና ዝም። ወደ ቀኝ ዞርኩ፤ ምንም የለም። ደግሞ ወደ ግራ፤ ጉርርር።

ከሥር ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራ የተሰበረ መስሎኝ ጭቃው ላይ ተንጋልዬ አንድ በአንድ ዳሰስኩት፤ ደህና ነው። መሪው የሚያያዝባቸውን ቦታዎች ግራሶ ቀባሁ፤ የላላውን ብሎን ሁሉ አጠበቅሁ። ድምፁ ግን ባሰበት። ዳንግላ የነበረው መካኒክ ለቅሶ ሄዷል አሉኝ። ነጋዴውም «እስከሄደልህ ድረስ ንዳው» ብሎ ነገሩን ተወው።

ችግሩ ጋቢና ውስጥ ሆኖ ድምፁ ከየትኛው ጎማ እንደሚመጣ መለየት አለመቻሉ ነው። አንድ ሰው መሪ ይዞ ሌላው ከጎማው አጠገብ እየሄደ ማዳመጥ አለበት። ዘንገና አካባቢ መኪናውን አቁሜ ይህን ሳስብ፣ ለዚህች እንኳ የምጠራው ሰው እንደሌለኝ ገባኝ። ግንባሬን መሪው ላይ ደፍቼ አለቀስኩ። ከቀብሩ ወዲህ አልቅሼ አላውቅም ነበር።

ቀና ስል አንድ ሽማግሌ ፈረሳቸውን ይዘው በዝናቡ ውስጥ ቆመው ያዩኛል።

«ምነው ልጄ፣ ምን አገኘህ?»

«መኪናው ሲዞር ይጮኽብኛል አባባ። የሚያዳምጥልኝ ሰው አጣሁ።»

«ጆሮዬስ ደህና ነው» አሉና ፈረሳቸውን የቀርከሃው አጥር ላይ አሰሩ። «ወዴት ልቁም?»

መንገዱ ትንሽ ያዘቀዝቃል። የሞተሩ ጩኸት እንዳይሸፍንብን አጠፋሁትና ፍሬኑን እየያዝኩ ቀስ አድርጌ ለቀቅሁት፤ መሪውን ወደ ግራ አዞርኩ። እሳቸው በግራው ጎማ በኩል ራቅ ብለው ተከተሉ። «እዚህ የለም» አሉ። ወደ ላይ መልሼ እንደገና ለቀቅሁት። አሁን በቀኝ ነበሩ።

«ቁም! እዚህ ነው! እዚህ ነው ያለው!»

ወደ ግራ ሲዞር የቀኙ ጎማ መጮኹ ግር አለኝ። ኋላ ሳስበው ግን መኪናው ወደ ግራ ሲዞር ጭነቱ ወደ ቀኝ ይደፋል፤ የታመመው ጎማም ክብደቱ ሲያርፍበት ያጉረመርማል። በክሪክ አነሳሁትና ከላይና ከታች ይዤ ስነቀንቀው ተወዛወዘ። ፈትቼ ሳየው ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ግራሶው ደርቆ፣ ውስጡ የሚሽከረከሩት ብረቶች ተበልተዋል። ትንሽ ጨምሬ ብነዳ ኖሮ ጎማው ተነቅሎ ገደል ይከተኝ ነበር።

አሮጌውን ኩሽኔታ ለአንድ አላፊ ሹፌር ሰጥቼ፣ አምሳያውን ከደብረ ማርቆስ እንዲያመጣልኝ ለመንኩት። ሽማግሌው «እስኪመጣ እዚህ ልትበሰብስ ነው? ቤቱ እንደሆነ ባዶ ነው» አሉኝ።

እውነትም ባዶ ነበር። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው አዘና ወደሚባል አገር ተድረዋል። ለፈረሳቸው በአዊኛ ያወራሉ፣ ለእኔ በአማርኛ። ድንች ቀቅለው በበርበሬ ስንበላ ሳላስበው ጠየቅኋቸው።

«ብቸኝነቱ ይለመዳል አባባ?»

አንድ ድንች አንስተው መላጥ ጀመሩ። «አይለመድም። ግን ፈረሱ ውሃ ይላል፣ ማሳው አረም ይላል። እሱን ሲሉ ይመሻል።»

ያን ጊዜ ስለ ሚስቴ ነገርኳቸው፤ በምጥ እንደሞተች፣ ሕፃኑም እንዳልተረፈ። «አይዞህ» አላሉኝም። ሌላ ድንች ላጡና ሰጡኝ።

ኩሽኔታው ሲመጣ የሚገጠምበትን ቦታ በናፍታ አጥቤ፣ አዲሱን ግራሶ አጥግቤ ገጠምኩት። እንደገና በቀኝ በኩል ተከተሉኝ። «ምንም የለም» ብለው እጃቸውን አነሱልኝ። እኔም ሄድኩ።

ከዚያ ወዲያ ባለፍኩ ቁጥር ጡሩምባ እነፋለሁ፤ እሳቸውም ወደ አጥሩ ብቅ ይላሉ። ከመስቀል በኋላ ግን ማንም አልወጣም። ብቻቸውን ማደር ልባቸው ሲፈራ፣ ልጃቸው አዘና እንደወሰደቻቸው ጎረቤት ነገረኝ።

መኪናዬን ቆሰበር አቁሜ በቅሎ ተውሼ ሄድኩ። በልጅ ልጆች ተከበው፣ አንዱን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ደስ አላቸው፤ ከጎናቸው አስቀመጡኝ።

«አገባህ?»

«አላገባሁም።»

ቤተሰቡ ሁሉ በአዊኛ ይጫወታል። መጀመሪያ ላይ ሽማግሌው ሳቁ በምን እንደሆነ ወደ አማርኛ እየመለሱ ይነግሩኝ ነበር። ኋላ ግን ጨዋታው ሞቀና ረሱኝ። አልተቀየምኳቸውም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። ያም ሆኖ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል እንደዚያን ቀን ብቻዬን የሆንኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተሰናብቼ በቅሎዬን ጫንኩ።